ለጥልፍ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?

ጥያቄው የመጣልኝ ከአዘዞ ነው። ጥልፍ ቤት ያላት ወጣት እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ አጎቴ ከቢሮ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጠኝ። ፔንቲየም 4 ነው፣ ራሙ 512 ሜጋባይት፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ አለው። የደንበኛ ውል ልጽፍበት፣ የጥልፍ ንድፍም ልሥልበት አስቤ ነበር። ፎቶሾፕና ኦፊስ 2010 አስጫንኩ፤ አንዱን ከፍቼ እስኪመጣ ቡና አፍልቼ እጨርሳለሁ። በዚያ ላይ በአማርኛ የጻፍኩትን ማስታወቂያ ላሳትም ፒያሳ ብወስደው፣ ሌላ ማሽን ላይ እንግሊዝኛና ምልክት ሆኖ ወጣ። ልሽጠው ወይስ ሌላ ፕሮግራም ላስጭን?»

አትሽጪው እህቴ። የምታገኚው ብር እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም፤ ማሽኑ ግን ለአንቺ ሥራ ይበቃል። የተጫነልሽ ፕሮግራም ነው ያልተስማማው። እኔ ፕሮግራም ስመርጥ ስሙን ወይም አዲስነቱን አላይም። የምሠራው ፋይል የት ሄዶ ይከፈታል? ማን ያትመዋል? ከዚያ ነው የምነሣው።

ከፊደሉ እንጀምር፤ ዋናው ችግርሽ እሱ ነው። ማስታወቂያሽ አልተበላሸም። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች፣ ማለት የፊደል ቅርጽ የያዙት ፋይሎች፣ የተሠሩት ኮምፒውተር ለእኛ ፊደል ቦታ ባልነበረው ጊዜ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ፊደል ወንበር ላይ የእኛን አስቀመጡ። ዓይንሽ የሚያየው «በ» ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት መጋረጃው ይነሣና ከሥሩ ያለው ይወጣል። ደግሞ 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ይህ ሁሉ አንድ ፎንት ውስጥ ስለማይበቃ፣ አንዳንዶቹ በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሉት። አንዱ ከጎደለ ቃሉ ግማሹ ይነበባል፣ ግማሹ አይነበብም።

መፍትሔው ዩኒኮድ ነው፤ ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ የዓለም መስፈርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ፊደላችን የራሱን ቁጥር አገኘ። «ሀ» የትም ብትሄድ «ሀ» ናት። ችግሩ፣ ኤክስፒ ሲጫን የግዕዝ ፎንት ይዞ አይመጣም። ኒያላ የተባለው ፎንት የመጣው በኋላ፣ ከኤክስፒ ቀጥሎ ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን ፎንት አስጭኚ፤ ነፃ ነው። ለመጻፊያ ኪይማን የሚባለው ፕሮግራም ይሁንልሽ። ኤስ እና ኢን ስትመቺ «ሰ» ይወጣል፣ በድምፅ ነው የሚሄደው። የቅርቡ ኪይማን ኤክስፒን አይቀበልም፤ ለኤክስፒ የሚሆነውን የድሮውን እትም ጠይቂ።

የጻፍሽው አንድ ገጽ ከሆነ እንደገና ጻፊው። ብዙ ከሆነ ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ ከፍተሽ ወደ ፒዲኤፍ፣ ማለት ፎንቱን ይዞ ሌላ ማሽን ላይም ሳይለወጥ ወደሚከፈት ፋይል፣ ቀይሪው፤ ቢያንስ ለማተም ይሆናል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በራሴ ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የሰርግ ካርድ በድሮ ፎንት ሠርቼ በፍላሽ ወደ ሌላ ማሽን ወሰድኩት። ፎንቱ እዚያም ነበር፤ እትሙ ግን ሌላ ነው። 200 ካርድ ታትሞ አለቀ። የሙሽራዋ አባት መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ፣ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ጨ» መሆን የነበረበት ቦታ ባዶ ካሬ ተቀምጧል። ያውም በራሳቸው ስም ውስጥ። ወረቀቱን ከኪሴ ተካሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅጂ አትሜ፣ ባለቤቱ በጣቱ እየተከተለ ሳያነብልኝ ሌላውን አላትምም።

የጽሑፍ ፕሮግራሙ ቀላል ነው። ለአንድ ገጽ ውል ኤክስፒ ውስጥ ያለው ወርድፓድ ይበቃሻል፤ ወዲያው ይከፈታል። ሠንጠረዥ ግን አይሠራልሽም። የክርና የዋጋ ዝርዝር ስትፈልጊ ሊብሬኦፊስ 5.4ን አስጭኚ። ኤክስፒ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው እሱ ነው፤ ከ6.0 ጀምሮ አይሆንም። ቢያንስ 256 ሜጋባይት ራም ይጠይቃል፣ ስለዚህ ያንቺ ይችለዋል። ሲከፈት ትንሽ ያስጠብቅሻል፣ ከዚያ በኋላ ደህና ነው። ፒዲኤፍ ራሱ ያወጣል። ለማተሚያ ቤት የምትሰጪው ያንን ፒዲኤፍ ይሁን።

ወደ ሥዕሉ እንምጣ። ፎቶሾፕ የፎቶ ዕቃ ነው። ሥዕሉን በነጥብ በነጥብ ነው የሚይዘው። አንድ ኤ4 ወረቀት ለኅትመት፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲሆን፣ 2480 በ3508 ነጥብ ነው። ወደ 8.7 ሚሊዮን ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ሲታሰብ 26 ሜጋባይት ነው። አምስት ሌየር (የሥዕል ንብር) ስትደራርቢ ከ100 በላይ አለፈ። ዊንዶውሱም ፕሮግራሙም የየራሳቸውን ድርሻ ከዚያው 512 ሜጋባይት ራም ላይ ይወስዳሉ። የተረፈው ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። ያ ስትጠብቂ የምትሰሚው ክርክር የሚል ድምፅ እሱ ነው።

ለጥልፍ የሚያስፈልግሽ ቬክተር ነው። ቬክተር መስመሩን እንደ ትእዛዝ ያስቀምጠዋል፦ ከዚህ ተነሣ፣ እንዲህ ጉበጥ፣ እዚያ ድረስ ሂድ። ፋይሉ ትንሽ ነው። ለሕፃን ቀሚስ የሠራሽውን ለእናቷ ብታሳድጊው ጠርዙ አይሻክርም። ኢንክስኬፕ የሚባለውን አስጭኚ፤ ነፃ ነው። ከ1.0 ጀምሮ ያለው ኤክስፒ ላይ አይሠራም፤ 0.9 ብሎ የሚጀምረውን ፈልጊ። ኮረልድሮው የሚባለው፣ በገንዘብ የሚሸጠው የቬክተር ፕሮግራምም ጥሩ ዕቃ ነው፣ ማተሚያ ቤቶችም ያውቁታል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የተሰበረ ኮፒ ግን ቫይረስ ይዞ ስለሚመጣ አልመክርሽም።

አንድ የመስቀል ጥልፍ አብረን እንሥራ። አራቱንም ክንድ አትሣዪ። አንዱን ክንድ ብቻ፣ ሐረጉንና ቋጠሮውን ጨምረሽ፣ በደንብ ሣዪና በኮንትሮልና ጂ አንድ ላይ እሠሪው። አንዴ ስትነኪው ማሳደጊያ ቀስቶች ይመጣሉ። ደግመሽ ስትነኪው ማዞሪያ ቀስቶች ይሆኑና መሐል ላይ ትንሽ የመደመር ምልክት ታያለሽ። ያቺን ምልክት ጎትተሽ የመስቀሉ እምብርት የሚሆንበት ቦታ አድርጊያት። አሁን ኮንትሮልና ዲ። ቅጂው እላዩ ላይ ስለሚያርፍ ምንም የተለወጠ አይመስልሽም። ቀጥለሽ ኮንትሮልና የካሬ ቅንፍ መዝጊያው። ቅጂው 90 ዲግሪ ይዞራል። ይህንን ሦስት ጊዜ ስታደርጊ አራቱ ክንዶች እኩል ይቆማሉ። በእጅ ሲሣል አንዱ ክንድ ሁልጊዜ ትንሽ ይሰፋል፤ እዚህ አይሰፋም።

በማውዝ መሣል ከከበደሽ በወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ሣዪው። በስልክሽ ከላይ ቀጥ አድርገሽ አንሺው። ኢንክስኬፕ ውስጥ አስገብተሽ ትሬስ ቢትማፕ በሚለው ወደ መስመር ቀይሪው። እውነቱን ለመናገር፣ እጇ ለለመደ ጠላፊ ይህኛው መንገድ ይፈጥናል። ንድፉ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ካለ፣ ከማስረከብሽ በፊት ኦብጀክት ቱ ፓዝ በሚለው ወደ ቅርጽ ቀይሪው። ያኔ ፎንት የሚባል ጣጣ የለም።

ኤክስፒ ውስጥ ያለውን ፔይንትን ደግሞ አትናቂው። ክር እየተቆጠረ ለሚሠራ ጥልፍና ለሸማኔ ጥለት ከእሱ የሚሻል የለም። ሥዕሉን በጣም አቅርቢውና የካሬ መስመሮቹ እንዲታዩ አድርጊ፤ ባለ ካሬ ደብተር ይሆንልሻል። አንድ ካሬ አንድ ስፌት ነው። ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ወርቃማውን እየቆጠርሽ ሙዪ።

ኢንተርኔት ላይ ግን አታውጪው። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 8 ቀን 2014 ጀምሮ የደኅንነት ጥገናው ቆሟል። ፕሮግራሞቹን በሌላ ማሽን አውርጂና በንጹሕ ፍላሽ አምጪ። ማተሚያ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ላይ ፎልደሮችሽ ሾርትከት ሆነው ካገኘሻቸው የቫይረስ ምልክት ነውና አትክፈቻቸው። መብራትም አለ። በሊብሬኦፊስም በኢንክስኬፕም ውስጥ በየ5 ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አስተካክዪው። መብራት ሲሄድ የግማሽ ቀን ንድፍ ይዞ እንዳይሄድብሽ።

ብር ስታገኚ ራሙን ወደ 1 ጊጋባይት ከፍ አድርጊው። በፔንቲየም 4 ዘመን የራሙ ዓይነት ብዙ ነበር፤ በራሙ ጠርዝ ላይ ስንጥቁ ያለበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ስሙን በቃል ይዘሽ አትሂጂ። ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ፣ የሣጥኑን ብረት በእጅሽ ንኪ፣ አሮጌውን ራም አውጥተሽ በወረቀት ጠቅልለሽ ሱቅ ይዘሽው ሂጂ። መልሰሽ ከማስገባትሽ በፊት ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊያቸው።