ቡፌ ላይ የከረመው ሺራዝ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአውስትራሊያ ያመጣልኝ «ሺራዝ 2010» የሚል ቀይ ወይን ኮምቦልቻ ቤቴ፣ ቡፌ ላይ ቆሞ ሦስት ዓመት ሆነው። ለፋሲካ ደሴ እናቴ ቤት ልከፍተው ነው። ሥሩ ላይ ጥቁር ነገር ዘቅጧል። ተበላሽቶ ይሆን? ፍሪጅ ውስጥስ ላሳድረው?

መልስ፦ ዝቃጩ አያሳስብዎት። ወይን ሲያረጅ ቀለሙና ምላስ የሚያኮማትረው ታኒን እየተጣበቁ ይከብዱና እንደ ጠጅ አምቡላ ይረጋሉ። የሚያሳስበው ቡፌው ነው። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ለዓመታት ሲቆም ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል፤ መተኛት ነበረበት። ክዳኑ የሚጠመዘዝ ቆርቆሮ ከሆነ መቆሙ አይጎዳውም፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ግን ለሁለቱም አይበጅም። 2010 የፈረንጆች ዘመን መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ወይኑ የተለቀመው በእኛ 2002 ነው።

ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጡ የረጋው ሁሉ ይናወጣል። ስለዚህ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድመው ያድርሱትና ጨለማ ጥግ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ፍሪጅ አይደር፤ ሲበዛ የቀዘቀዘ ሺራዝ ሽታው ይጠፋል፣ ታኒኑም ይከራል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ይህን የደሴ ምሽት በነጻ ይሰጥዎታል። ኮምቦልቻ ቢከፈት ኖሮ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ እንል ነበር።

ያረጀ ቡሽ ይፈረፈራል። መክፈቻውን መሐል ለመሐል አስገብተው በዝግታ ይሳቡ። ቢሰበር የቀረውን ወደ ውስጥ ይግፉት፣ ወይኑንም ሳሙና በማይሸት ስስ ጨርቅ ያጥልሉት። ከዚያ ከጠርሙሱ አንገት ሥር ሻማ ወይም የስልክ መብራት አድርገው፣ ሳያቋርጡ ወደ ብርጭቆ ጆግ ያንቆርቁሩ። ጥቁሩ ክር አንገቱ ጋ ብቅ ሲል ያቁሙ። ሁለት ጣት ያህል ይቅር፤ የመጨረሻዋን ጠብታ የሚሰስት ሰው ጆጉን በሙሉ ያደፈርሳል። ወጣት ሺራዝ አንድ ሁለት ሰዓት አየር ቢያገኝ ይለሰልሳል፤ አሮጌው ግን ከ20 ደቂቃ በኋላ ሽታው መሳሳት ሊጀምር ስለሚችል ቶሎ ይቀዳ።

ብርሌ አያዋጣም፣ አንገቱ አፍንጫ አያስገባም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለውን ብርጭቆ ሲሶውን ብቻ ይሙሉ። ነጭ ጨርቅ ላይ አዘንብለው ሲያዩት ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ይወስደዋል። ሳያዞሩ ያሽትቱ፣ ከዚያ አዙረው ይድገሙ። በወጣትነቱ እንጆሪና ቁንዶ በርበሬ የሚሸተው ሺራዝ ሲያረጅ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ የደረቀ ፍሬና ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ግን ቡሹ በክሎት ነው፣ መፍትሔ የለውም። የኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ካለውም ይተውት። ማርማላታ የሚሸት፣ ጣዕሙ የደነዘዘ ከሆነ ቡፌው ላይ ሙቀት መትቶታል።

ዕጣን ቀድሞ ከተጨሰ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ቡናው ከወይኑ በኋላ ይቆላ። ከዶሮ ወጡም ጋር አይቅረብ፤ በርበሬው አልኮሉ ይበልጥ እንዲያቃጥል፣ ታኒኑም እንዲመር ያደርጋል። ሚጥሚጣ ያልነካው የበግ ጥብስ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ዝዋይ የሚመረተው ሲራና ሺራዝ ይለያያሉ?

መልስ፦ የወይን ፍሬው ዘር አንድ ነው፣ የዘሩ አገርም የፈረንሳይ ሮን ሸለቆ። ሺራዝ የሚሉት በተለይ አውስትራሊያውያን ናቸው።

ጥያቄ፦ የተረፈውስ?

መልስ፦ አሮጌው በዚያው ምሽት ይለቅ። ወጣቱ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል።