«ዱ ዩ ድሪንክ?» ለሚለው ፎርም

እህቴ፣ የእናትሽ የክሊኒክ ፎርም ላይ «ዱ ዩ ድሪንክ? በሳምንት ስንት ድሪንክ?» የሚለው ውሃና ለስላሳንም ይጨምራል ወይ ብለሻል። አይጨምርም! አሜሪካ እስካለሽ ድረስ እኛን የገጠመን አንቺንም መግጠሙ አይቀርም፤ ስለዚህ ታገሺና አንብቢው።

1ኛ፦ የሚጠይቁት ስለ አልኮል ነው። እኛስ «ሰውየው ይጠጣል» ሲባል ውሃ ይመስለናል እንዴ? ምግብ ቤት አስተናጋጁ «ኤኒቲንግ ቱ ድሪንክ?» ካለሽ ግን ውሃውም ኮካውም ይገባል።

2ኛ፦ «አንድ ድሪንክ» ማለት አንድ ብርጭቆ አይደለም። እዚህ አገር 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው፦ 355 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ፣ ወይም 148 ሚሊ ሊትር ባለ 12 በመቶ ወይን፣ ወይም 44 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ውስኪ። (እንግሊዝ ያሉት በ«ዩኒት» ነው የሚቆጥሩት፤ አንዱ 8 ግራም ነው። ለንደን ያለች አክስትሽን አትጠይቂ።) የቤት ጠጅ ከሆነ ከቢራ ሊጠነክር እንደሚችል ንገሪያቸው።

3ኛ፦ አስተርጓሚ ጠይቂ። አባዬ ለሄርኒያ ቀዶ ጥገና ሲመረመሩ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። መቀበያዋ ላይ ያለችው ሴትዮ «አስተርጓሚ የለም፣ ልጁ ያስተርጉም» አለቻቸው። ልጁ ማለት የ12 ዓመት ልጄ ነው! ነርሷ «ድሪንክስ» ስትል እሱ «አያቴ፣ በቀን ስንት ብርጭቆ ይጠጣሉ?» አላቸው። አባዬ ውሃ አብዛ የተባሉ ሰው ናቸው። ኮራ ብለው «ስምንት» አሉ። ጠጅ ለዓመት በዓል ከንፈራቸውን ቢያስነኩ ነው እኮ! ነርሷም ሳታጣራ ጻፈችው።

ማደንዘዣ ሰጪው ሐኪም ፋይሉን ሲያይ ቀዶ ጥገናው ተራዘመ። እሱስ እውነቱን ነው፤ ያን ያህል የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም አደጋ አለው። ያንገበገበኝ የሴትዮዋ ነገር ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ክሊኒክ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። አማርኛ በስልክ ይገኛል።

ፋይሉ ይታረም ስላት «የተጻፈ ተጽፏል» አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ። የሂፓን ሕግ (የታካሚን የሕክምና መረጃ የሚመለከተውን የፌዴራል ሕግ) አትሜ ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገባሁ፤ በ60 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ታረመ፤ አባዬም በሰላም ተሠሩ። አንቺም የምታስገቢውን ሁሉ ቅጂ ያዢ። ያልገባሽ መስመር ካለ የእናትሽን ስም ሸፍነሽ የፎርሙን ፎቶ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።