ኮከቡ ሳይታይ ሰዓቱ እንዴት ይታወቃል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕን ለመጠቀም የሚያመለክቱ ተመራማሪዎች ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልጋቸው አስቀድመው ይጽፋሉ ይባላል። ገና ያላዩት ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በምን ያውቃሉ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በኮምፒውተር ፕሮግራም ያሰሉታል። ለጄምስ ዌብ የሚያገለግለው ፕሮግራም የተሠራው በአሜሪካ ባልቲሞር በሚገኘው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም ነው፤ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ፓንዴያ ይባላል። ተመራማሪው የኮከቡን ድምቀት፣ የሚጠቀምበትን መሣሪያና ማጣሪያ ይነግረዋል። ፕሮግራሙ ብርሃኑ ከ6.5 ሜትሩ መስተዋት ተንጸባርቆ በብርሃን መቀበያው በየፒክስሉ ላይ በሰከንድ ስንት ኤሌክትሮን እንደሚያስገኝ አስልቶ አንዲት ትንሽ ሰው ሠራሽ ምስል ያወጣል።

የነገሩ ፍሬ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፕሮግራሙ ለኮከቡ ከሚደክመው በላይ ኮከቡን ለሚጋርደው ነገር ይደክማል። በፕላኔቶች መካከል ያለው አቧራ የሚሰጠው ብርሃን አለ፤ የቴሌስኮፑ የራሱ ሙቀት የሚያመነጨው ጨረር አለ፤ መቀበያው ጨለማ ውስጥ ሆኖም የሚያስገባቸው ኤሌክትሮኖች አሉ፤ የመቀበያው ንባብ ራሱ የሚጨምረው ረብሻም አለ። የአቧራው ብርሃን እንደ አቅጣጫውና እንደ ዕለቱ ስለሚለያይ የምልከታው ቀን ሳይቀር በስሌቱ ይገባል።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። በሰከንድ ከኮከቡ 10፣ ከሰማዩ 40 ኤሌክትሮን ይመጣል እንበል፤ ሌላውን ለጊዜው እንተወው። በ5,000 ሰከንድ ከኮከቡ 50,000፣ ከሰማዩ 200,000 ይሰበሰባል፤ ድምሩ 250,000 ነው። ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) በዘፈቀደ ስለሚደርሱ የቆጠራው መዋዠቅ የድምሩ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 500 ይሆናል። 50,000ን ለ500 ሲያካፍሉ 100 ያገኛሉ፤ የኮከቡ ምልክት ከረብሻው መቶ እጥፍ በለጠ ማለት ነው። አሁን የሰማዩን 40 ወደ 190 ከፍ ያድርጉት። ያችኑ 100 ለማግኘት 20,000 ሰከንድ ያስፈልጋል። ኮከቡ ምንም አልደበዘዘም፤ የነጣው ሰማዩ ብቻ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰው ሥራ ግን ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ።

በምድር ላይ ላሉ ቴሌስኮፖች ይህ የበለጠ ይከብዳል። እንጦጦ ላይ ያሉትን ሁለት ባለ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያስቡ። ሙሉ ጨረቃ ሰማዩን ብታነጣውም ተመልሳ ትጎድላለች፤ የአዲስ አበባ መብራት ግን ጎድሎ አያውቅም። የመንገድ መብራቶች ወደ ላይ እንዳያበሩ መከለል ለእነዚያ መስተዋቶች የምልከታ ሰዓት እንደ መጨመር ነው፤ የከተማችን ሰዎች ይህን እንዲሰሙ አጥብቄ እመኛለሁ።

ስሌቱ የሚጠበቀው ለጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ለጄምስ ዌብ አራተኛ የምልከታ ዙር ከ2,000 በላይ ማመልከቻዎች ቀርበዋል። ሰዓት ያሳነሰ ሰው የማይረባ መረጃ ይዞ ይመለሳል፤ ያበዛ ደግሞ የሌላውን ዕድል ይወስዳል። ኮከቡ ከመጠን በላይ ደማቅ ከሆነም ፒክስሎቹ ሞልተው እንደሚፈሱ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል።

ፕሮግራሙን ማንም ሰው በኢንተርኔት በነጻ ሊጠቀምበት ይችላል። ሲሞክሩት የኮከቡን ድምቀት ሳይነኩ የሰማዩን ብርሃን ብቻ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ይቀይሩና ውጤቱን ያወዳድሩ።