የቦዬን ከብቶች ዞሮ ስለማየት የተነሱ ጥያቄዎችና መልሶች

በጂማ ዳርቻ፣ በቦዬ ረግረግ የሚግጡትን ከብቶች በፈቃደኝነት እየዞሩ ለማየት የተመዘገቡ ሰዎች ብዙ ጠይቀውኛል። እንደ አንድ የእንስሳት ሐኪም የማውቀውን እነሆ።

ዶክተር፣ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ከብት የማውቀው የለም። ምን እጠቅማለሁ?

ዓይን ካለዎት ይጠቅማሉ። መጀመሪያ ይቁጠሩ፤ ከትናንቱ የጎደለ ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይና እሱ ይፈለጋል። ከዚያ መንጋው ሳያይዎት ከሩቅ ቆም ብለው ይመልከቱ። ከብት ሰው ሲቀርበው ሕመሙን ስለሚደብቅ የምታነክሰው ላም እንኳን ቀጥ ብላ ልትቆም ትችላለች። ከመንጋው ተነጥሎ የቆመ፣ ጆሮውን የጣለ፣ ሌሎቹ ተኝተው ሲያመሰኩ እሱ ዝም ያለ ካለ ልብ ይበሉ። ከግራ ጎኑ፣ ከመጨረሻው ጎድን ጀርባ ያለውን ቦታ ይዩ፦ ከጎደጎደ አልበላም ማለት ነው፤ እንደ ከበሮ ከተወጠረ ግን ሆዱ ተነፍቷልና ለባለቤቱ ወዲያውኑ ይደውሉ።

መድኃኒት ይዤ ብሄድስ?

አይያዙ። ከብቱ ባለቤት አለው፤ ሕክምናውም ባለሙያ አለው። የእርስዎ ሥራ አይቶ መናገር ነው። ከገበያ የተገዛ መርፌ በግምት መውጋት ከብቱንም ወተቱን የሚጠጣውንም ሰው ይጎዳል።

ሞቶ ባገኘውስ?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ትናንት ደህና የነበረ ከብት በድንገት ሞቶ ቶሎ ከተነፋ፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋን ይጠርጥሩ። አይንኩት፤ ማንም እንዳያርደው፣ ቆዳውን እንዳይገፍ፣ ሥጋውን እንዳይካፈል ይከልክሉ። ጀርሙ ሬሳው ተከፍቶ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ዘር ይሠራል፤ ያም አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። በሽታው በቆዳ ንክኪም በሥጋም ወደ ሰው ይተላለፋል። ውሻና አሞራ እንዳይደርስበት ከሩቅ እየጠበቁ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይደውሉ። ባለቤቱ «ሥጋው ይባክናል» ብሎ ይለምንዎት ይሆናል። ሐዘኑ ይገባኛል፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው።

በበጋ ሌላው መሬት ሲደርቅ ረግረጉ ለምለም ነው። ከብቶቹ እዚያ መጋጣቸው ምን ክፉ አለው?

ሣሩ ጥሩ ነው፤ ችግሩ አብሮት የሚበላው ነው። የጉበት ትል ውኃ ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና ሣር ላይ ይጣበቃል። ከወራት በኋላ ከብቱ እየበላ ይከሳል፣ የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ይነጣል፣ አንዳንዴም ከመንጋጋው ሥር ያብጣል። ይህን እብጠት ያየ ሰው ይመዝግበው።

ታዲያ ከብቱን ከረግረጉ ጨርሶ ብናስወጣውስ? ለወፎቹም ይበጃል።

እኔ አልስማማም። በእንግሊዝ አገር ሰው ለሺህ ዓመታት ያስጋጠባቸው ቁጥቋጧማ ሜዳዎች አሉ። ግጦሹ ሲቆም በርችና ፓይን የተባሉ ዛፎች በቅለው ይውጧቸዋል። በእርሻ፣ በደን ተከላና በግንባታም ጭምር ከ1800 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ጠፍቷል። ስለዚህ ዛሬ የተፈጥሮ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ከብት ያስገባሉ፤ ፈቃደኞችም ዞረው ያያሉ። ቦዬ ረግረግ እንጂ እንደዚያ ያለ ሜዳ አይደለም፤ ልኩም ይለያል። ነገር ግን ቦዬን የጎዳው ከላሟ ይልቅ ለጡብ የሚቆፈረው ጭቃ፣ ባሕር ዛፉና ለእርሻ ማጠንፈፉ ነው ባይ ነኝ። ከብቱ ሲበዛ ይረግጠዋል፤ እውነት ነው። ጥያቄው ስንት ከብት፣ መቼ የሚለው ነው። በክረምት ባለ ዘውዱ ክሬን የተባለው ወፍ በረግረጉ ቄጠማ መካከል ይፈለፍላል። ጎጆ ያለበትን ቦታ ያየ ሰው አይጠጋ፤ እረኞቹ መንጋውን ወደ ሌላ ወገን እንዲነዱ ይንገራቸው።

ውሻዬን ይዤ መምጣት እችላለሁ?

አይቻልም። ጥጃ ያላት ላም ውሻ ስታይ የምታባርረው ውሻውን ብቻ አይደለም።

ኦሮምኛ አልችልም። ችግር ይሆናል?

ብቻዎን ከሆኑ አዎ። ከሚችል ሰው ጋር ይጣመሩ። የትኛዋ ጊደር ትናንት እንዳልጠጣች የሚነግርዎት እረኛው ልጅ ነው፤ ከማንኛችንም በላይ ያውቃቸዋል።