ተራራ ለምትወጡ ልጆች፦ ስለ አንድ ቢላዋ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀመጠና ስልኩን አውጥቶ የቢላዋ ሥዕል አሳየኝ። ርዝመቱ ክንድ ያህላል፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ጀርባው መጋዝ ነው። «ጋሼ፣ በረሃ ወይም ጫካ ውስጥ ብጠፋና አንድ ቢላዋ ብቻ ቢኖረኝ ይኼ አያዋጣም?» አለኝ። ሳቅሁ። ወዲያው ግን በሳቄ አፈርኩ፤ የዚያን ቢላዋ ታላቅ ወንድም በልጅነቴ በደሞዜ ገዝቼዋለሁና።

የደን ባለሙያ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ያህል በወሎ ከየጎፍ ደን እስከ ደንቆሮ ደን በእግሬ ተመላልሻለሁ። ሐምሌ 1988 ከአምባ ፈሪት ተራራ ግርጌ ጭጋግ ያዘን። ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬና መንገድ የሚመራን አዛውንት። ድንኳኑን የጫነችው በቅሎ ወደኋላ ቀርታለች። ዝናቡ አላባራ ሲል ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠጋን። እኔም ጀግና ነኝና ያን መጋዛም ቢላዋዬን አወጣሁ። የደረቀ የአስታ ግንድ ላይ አስቀምጬ ጀርባውን በድንጋይ ስመታው፣ ሦስተኛው ላይ ስለቱ ከእጀታው ተገንጥሎ ሄደ። እጀታው ባዶ ቱቦ ኖሯል፤ ውስጡ ክብሪትና የዓሣ መንጠቆ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አቅጣጫ ማሳያ ነበረው። መንጠቆው ለአምባ ፈሪት ምን እንደሚረባ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አዛውንቱ ምንም አላሉኝም። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ትንሽ ቢላዋ አወጡ። በመሳል ብዛት ስለቱ ተበልቶ ወገቡ ቀጥኗል፣ እጀታው ወይራ ነው። እንጨቱን በቀስታ ሰነጠቁት፣ የራሰውን ላይ ላዩን ፍቀው ጣሉ፣ ከመካከሉ የወጣውን ደረቅ ደግሞ እንደ ላባ እያስጎነበሱ ላጡት። «አብሽር ልጄ፣ የራሰው ቆዳው ነው» አሉኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ እሳት ነበረን።

ያን ሌሊት ስለ ቢላዋ የተማርኩት ሁሉ ከዚያ በኋላ ካነበብኩት ይበልጣል። ስለዚህ ጥያቄውን ከሌላ ጎን ልጀምርላችሁ። በእኛ ደጋ ሰውን የሚጥለው አውሬ አይደለም፣ ብርድና እርጥበት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ በላይ ናት፤ አምባ ፈሪት 4,000 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ኮምቦልቻ በሸሚዝ ያመሸ ልጅ በዚያው ልብሱ እዚያ ቢያድር 13 ዲግሪ ያህል ጎድሎበት ነው። ቢላዋው የሚፈለገው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው፤ ደረቅ ማገዶ ለማውጣት፣ የመጠለያ ካስማ ለማሾል፣ ገመድ ለመቁረጥ። ለአደን አይደለም። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው በሕግ የሚጠበቁ ናቸው፤ አንድ ሌሊት የጠፋ ሰው ደግሞ በረሃብ አይሞትም።

ለዚህ ሥራ ክንድ የሚያህል ብረት ምን ያደርጋል? ስለቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ውፍረቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር። ዋናው ነገር ብረቱ አንድ ወጥ ሆኖ በእጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ መዝለቁ ነው። የእኔ ያልነበረው እሱ ነው። ሰንጢ ለኪስ ደስ ይላል፣ ብርቱካን ይልጣል፤ እንጨት ሊሰነጥቁበት ሲመቱት ግን መታጠፊያው ላይ ይለቃል። ወደ ባቲና ወደ ቆላው ለምትወርዱ፣ እሾህና ቁጥቋጦ ለመመንጠር ገጀራ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው፤ ግን ገጀራ ይዞ ጥቃቅን ሥራ መሥራት ጣትን ማስፈረድ ነው። ቆላ ከወረዳችሁ ሌላም ልንገራችሁ፦ ቁልቋል ስትቆርጡ ወተቱ ዓይናችሁ እንዳይገባ፣ የተነካ እጃችሁንም ወደ ፊታችሁ አታቅርቡ። ዓይን ያበላሻል።

አሁን ወደ ብረቱ። ሁለት ዓይነት ሰው ይከራከራል። አንዱ የማይዝገውን ይወዳል፤ ይህ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮም ያለበት ነው፣ ዝናብ አይፈራም። ሌላው ካርቦን ያለበትን ተራ ብረት ይመርጣል፤ ይዝጋል፣ ግን በተገኘው ድንጋይ ቶሎ ይሳላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ አድልዎዬንም አልደብቅም። ከሚያብለጨልጭና እቤት ካለ ልዩ መሳያ ውጭ እሺ ከማይል ቢላዋ፣ ዝጎም ቢሆን ከወንዝ ዳር ባነሣሁት ለስላሳ ድንጋይ ጥርሱ የሚመለስ ይሻለኛል። ዝገቱ በሰም ይያዛል፤ ሻማ ማሸት ብቻ ነው። ከቆዳ ሰገባው አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡት፣ እርጥብ ቆዳ ብረት ይበላል።

የአዛውንቱ ቢላዋ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ነበር። በየገበያው ቀጥቃጮቻችን የሚሠሩት እንዲህ ያለውን ነው፤ ባሌስትራ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ጠንካራ ብረት ነው፣ እንዲጎብጥና እንዲመለስ የተሠራ። ሥራው ግን ያለው ከማጠንከሩ ላይ ነው። ብረቱ በወናፍ ሲግል፣ ማግኔት የማይስበው ደረጃ ሲደርስ (770 ዲግሪ አካባቢ ነው) ትንሽ አልፎ ወደ ዘይት ይነከራል። እንዲህ የተነከረ ስለት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን በቀላል ሙቀት ደግሞ ይለዝባል። ሁለተኛውን የዘለለ ቀጥቃጭ የሰጣችሁ ቢላዋ ብርድ ላይ ስትመቱት ይሰበራል፤ መጀመሪያውን የዘለለው ደግሞ ይታጠፋል። ሳትገዙ በፊት ፈትኑ፦ ሞረድ በስለቱ ላይ ቢንሸራተት ብረቱ ጠንክሯል፤ ቢነክሰው ግን አልጠነከረም። ከዚያ ጫፉን እንጨት ላይ አስደግፋችሁ ጥቂት አጉብጡት፤ ሲለቀቅ ቀጥ ይላል ወይ? አሮጌ ባሌስትራ ከላይ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላልና ከመኪና ስንት ዓመት እንዳገለገለ ለማወቅ ከመድከም ይልቅ አዲሱን ቢላዋ ቤታችሁ ውስጥ እንጨት እየሰነጠቃችሁበት አንድ ወር ኑሩ። ከተሰበረም እዚያ ይሰበር።

መሳል አሁን ልጆች የማይወዱት ክፍል ነው። አንግሉን በዓይን ለማወቅ ወረቀት ውሰዱ። የወረቀት ጥግ 90 ዲግሪ ነው፤ አንዴ ስታጥፉት 45፣ ሁለተኛ ስታጥፉት 22 ተኩል ይሆናል። ስለቱ ከድንጋዩ ጋር የሚሠራው ከዚያ ትንሽ ያነሰ ነው፤ 20 ገደማ። ድንጋዩን በውኃ አርሱ፣ ሁለቱንም ጎን እኩል ጊዜ ሳሉ፣ ስለቱን በአውራ ጣት አትፈትኑ፤ በቅጠል ወይም በወረቀት ፈትኑት። የግራ አውራ ጣቴ ጠባሳ የመጣው ከተሳለ ቢላዋ አይደለም፤ ካልተሳለ ነው። ዱልዱም ቢላዋ እንጨቱን አልቆርጥ ሲል ጉልበት ትጨምራላችሁ፣ ያኔ ያመልጥና ሥጋ ያገኛል። እንጨት ስትልጡ ስለቱ ከሰውነታችሁ ወደ ውጭ ይሂድ፣ ጭናችሁ መካከል ደግሞ ፈጽሞ አትሥሩ፤ እዚያ ያለው የደም ሥር ትልቅ ነው።

አንድ ብቻ የሚለው ነገር ራሱ አይዋጥልኝም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ያሉት አባቶቻችን እኔ ያኔ እንደተሰበርኩት ተሰብረው ነው። አንድ ቢላዋ ያዙ፣ እሺ፤ ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት በሁለት ቦታ ያዙ። ጋቢ ያዙ። የጥድ ልጣጭ በመንገድ ላይ ሳላችሁ ከወደቀ ግንድ አንሥታችሁ በኪሳችሁ አድርቁ፤ በቃጫ መልክ ስለሚላጥ ክብሪት ይቀበላል። ቆሞ ያለውን አትላጡ። ያን የተከልን ሰዎች አለን።

ስለ ሰው ደግሞ። ቢላዋ ወገብ ላይ አንጠልጥሎ መንደር የሚገባ እንግዳ በማንም ዓይን አያምርም፤ ውሻ የያዘ እረኛ ካገኛችሁ ሰላምታ ትቅደም። በመናኸሪያ ፍተሻ ላይ «ለምንድነው?» ሲሏችሁ ከሻንጣ ግርጌ ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችሁት ከወገባችሁ ከሚገኘው ይሻላል፤ ያም ሆኖ ሊወስዱባችሁ ይችላሉ፣ ያኔ አትጨቃጨቁ። በእንግድነት ቤት ውስጥ ሰው ቢላዋችሁን ከጠየቀ እጀታውን ወደ እሱ አዙራችሁ ጀባ በሉ። በግ ሊታረድበት ከሆነ ግን ቀድማችሁ ሳሉት፤ ዱልዱም ቢላዋ ለእርድ ማቅረብ ነውር ነው። ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ይጋበዛልና ማን እንደሚባርክ ባለቤቱ ይወስን፤ እናንተ ቢላዋውን ብቻ ስጡ።

አዛውንቱ ያን ጠዋት ጭጋጉ ሲገለጥ ቢላዋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው ደበቁት። «የማን ሥራ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀጥቃጩ ከሞተ ቆይቷል አሉኝ። የእኔን የተሰበረ እጀታ ግን ከነአቅጣጫ ማሳያው ለልጅ ልጃቸው መጫወቻ ወሰዱት።