የመንግሥት አገልግሎት ድረ ገጾችና ዓይነ ስውራን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሥራዬ የሕዝብ አገልግሎት ድረ ገጾችን መፈተሽ ነው። ራሴም ዓይነ ስውር ነኝ። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ሰው ኮምፒውተር የሚጠቀመው እንዴት ነው? ጥያቄው ቅር ካሰኘህ ይቅርታ።

ኧረ ምን ቅር ያሰኛል! ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም አለ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብልናል፤ የብሬል መሣሪያ ላለው ደግሞ በጣት በሚነበበው በብሬል ያወጣለታል። በዊንዶውስ ጆውስና ኤንቪዲኤ፣ በአይፎን ቮይስኦቨር፣ በአንድሮይድ ቶክባክ አሉ። ኤንቪዲኤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ መሥራቾቹም ራሳቸው ዓይነ ስውራን ናቸው።

ብዙ ሰው ገጹን ከላይ እስከ ታች ቁጭ ብለን የምናዳምጥ ይመስለዋል። ማን ትዕግሥት አለው? ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለልን ነው የምንሄደው። በኤንቪዲኤ የኤች ፊደልን በተጫንኩ ቁጥር ቀጣዩ ርዕስ ላይ ያደርሰኛል። ይህ የሚሠራው ግን ርዕሱ ገጹ በተሠራበት ኮድ ውስጥ ርዕስ ተብሎ ከተመዘገበ ነው። ፊደሉን ማወፈር ብቻውን ለእኔ ምንም አይጠቅመኝም።

ጥያቄ፦ የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ እየሠራን ነው። ጊዜም ሰውም አጥሮናል። ከየት እንጀምር?

ከቅጹ። ሰው ወደ እናንተ የሚመጣው ሊያመለክት፣ ሊያድስ ወይም ሊከፍል ነው። ብዙ ሰው የሚፈልገውን አንድ አገልግሎት ምረጡና ከመግቢያው እስከ ደረሰኙ ድረስ ያለ እንቅፋት እንዲያልቅ አድርጉ። የመጀመሪያው ገጽ አምሮ ክፍያው ላይ የሚቆም ድረ ገጽ ለእኔ የተዘጋ ቢሮ ነው።

ቅጽ ላይ የሚያጋጥመኝን ልንገራችሁ። ከሳጥኑ በላይ «የአባት ስም» ተብሎ ተጽፏል፤ ኮዱ ግን ጽሑፉን ከሳጥኑ ጋር አላገናኘውም። እኔ የምሰማው «የመጻፊያ ሳጥን፣ የመጻፊያ ሳጥን፣ የመጻፊያ ሳጥን» ነው። የቱ ምን እንደሆነ በግምት እሞላለሁ። ከዚያ «ላክ» ስል ዝም። ለካ የተሳሳትኩበት ሳጥን ዙሪያው ቀልቷል! ስህተቱን በጽሑፍ ንገሩኝ፦ «ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ይጎድለዋል» በሉኝ፣ ጠቋሚውንም እዚያው ሳጥን ላይ አድርሱልኝ።

የልደት ቀን ካላንደር ላይ በማውስ ብቻ የሚመረጥ ከሆነ ማለፍ አልችልም። በቁልፍ ሰሌዳ መጻፍም ይፈቀድ። ለመሙያ የተሰጠው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ቀድማችሁ አስጠንቅቁና ማራዘሚያ ስጡ፤ እየሰማ የሚሞላ ሰው ብዙ ደቂቃ ይወስድበታል። «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚለውም መልእክት በስክሪን ሪደር መነበብ አለበት። ካልተነበበ ሰው ያልተላከ መስሎት ደግሞ ይልካል።

ጥያቄ፦ እያንዳንዱ ፎቶ መግለጫ ያስፈልገዋል?

መግለጫ ስክሪን ሪደር እንዲያነበው በኮዱ ውስጥ ለፎቶው የሚጻፍ ጽሑፍ ነው። የሚያስፈልገው መልእክት ላለው ፎቶ ብቻ ነው። ለጌጥ የገባ ከሆነ የመግለጫውን ቦታ ባዶ አድርጉት፤ ስክሪን ሪደሩ ያልፈዋል። ባዶ ማድረግና ጨርሶ አለመጻፍ ግን ይለያያሉ። ጨርሶ ካልተጻፈ የፋይሉን ስም በሙሉ ሊያነብብኝ ይችላል፤ ያንን የቁጥር ጋጋታ መስማት ያደክማል። ማስታወቂያን በፎቶ የምትለጥፉ ደግሞ ጽሑፉን ሙሉውን ከሥሩ አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ መመሪያዎቻችን ማኅተም ስላለባቸው ስካን አድርገን በፒዲኤፍ እንጭናለን። ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። ስካን የተደረገ ወረቀት ፎቶ ነው፤ በውስጡ የሚነበብ ፊደል የለም። ማኅተም ያለበትን አስቀምጡት፣ ግን ጽሑፉን በድረ ገጹ ላይም አውጡት። መመሪያው መጀመሪያ በኮምፒውተር ተጽፎ የለ? ፋይሉ እኮ የሆነ ሰው ጋ አለ።

ጥያቄ፦ ገጻችን አማርኛ ነው። ስክሪን ሪደሩ ግን የማይገባ የላቲን ፊደል ያነባል፤ አንዳንዴም ዝም ይላል። ለምን?

ጽሑፉ በድሮ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ የሚጠቀሙበት የጋራ ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ለላቲን ፊደላት የአማርኛ መልክ ይሰጡ ነበር። የሚያይ ሰው አማርኛ ያነባል፤ ስክሪን ሪደር ግን ከሥር ያለውን ኮድ ነው የሚያነበው። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።

ዩኒኮድ ሆኖም ካስቸገረ የገጹን የቋንቋ ምልክት፣ ማለትም ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ በኮዱ ውስጥ የሚናገረውን፣ እዩ። ዝግጁ አብነት ስትጠቀሙ «እንግሊዝኛ» እንደተባለ ይቀራል። ወደ አማርኛ ቀይሩት፤ የሁለት ፊደል ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው የአማርኛ ድምፅ ከጫነ ስክሪን ሪደሩ ራሱ ወደዚያ ይዞራል።

ጥያቄ፦ «ሮቦት አይደለሁም» የሚለው የፎቶ ፈተናስ? ያለሱ ደኅንነት እንዴት ይጠበቃል?

ለእኔ እንደ ሮቦት መቆጠር አዲስ አይደለም። የድምፅ አማራጭ ያለው ይሻላል፤ ዓይነ ስውርም መስማት የተሳነውም ለሆነ ሰው ግን እሱም አይሆንም። ከሮቦት የሚመጡ ሐሰተኛ ማመልከቻዎችን በእናንተ በኩል፣ ድረ ገጹ ባለበት ሰርቨር ላይ፣ ማጣራት ይቻላል። ወደ ስልክ ወይም ኢሜይል የማረጋገጫ ኮድ መላክም ሌላ መንገድ ነው፤ ኮዱን ኮፒ አድርጎ መለጠፍን ግን አትከልክሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 (በእንግሊዝኛ WCAG 2.2) ስለ መግቢያ ገጽ የተለየ ነጥብ አለው፤ አንብቡት።

ጥያቄ፦ አንድ መስመር ኮድ ስንጨምር ድረ ገጹን ተደራሽ የሚያደርግ መሣሪያ ሊሸጡልን መጡ። እንግዛ?

አትግዙ። ጽሑፉ ከሳጥኑ ጋር ያልተገናኘ ቅጽን ከላይ በተደረበ ነገር ማስተካከል አይቻልም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከስክሪን ሪደሬ ጋር ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሸጥን ድርጅት፣ የማይችለውን እችላለሁ ብሏል በሚል 1 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ዓይነ ስውር ተገልጋይ የለንም» ይላል። ምን ልበለው?

ድረ ገጹ ስለማይሠራላቸው ነው የማይታዩት። የግል ድርጅት ድረ ገጽ ካስቸገረኝ ወደ ተፎካካሪው እሄዳለሁ። የመንግሥት አገልግሎት ግን ሌላ በር የለውም። ያለኝ ምርጫ የይለፍ ቃሌን፣ የገቢዬን መጠን፣ አንዳንዴም የሕክምና መረጃዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ማስሞላት ነው። አለቃህ የራሱን ለጎረቤት ይሰጣል? እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአንቀጽ 9 ኢንተርኔትን ጠቅሶ ስለ ተደራሽነት ይደነግጋል። ሕግ ካልጠቀስክለት የማይሰማ ከሆነ ይህን አሳየው።

ጥያቄ፦ የምናይ ሰዎች እንዴት መፈተሽ እንችላለን?

ማውሱን ንቀሉት። በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ፣ በታብ ቁልፍ እየተዘዋወራችሁ፣ አገልግሎቱን ጀምራችሁ ጨርሱ። የት እንዳላችሁ ከጠፋባችሁ ወይም ገጹ ላይ የማትደርሱበት እንደ «ላክ» ያለ ቁልፍ ካለ፣ እኔም እዚያው ነው የምቀረው። ቀጥሎ ኤንቪዲኤ ጫኑና ስክሪኑን አጥፍታችሁ ሞክሩ። መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ አይዟችሁ። በራሳቸው የሚፈትሹ ፕሮግራሞችም ይረዳሉ፣ ግን ፎቶው መግለጫ እንዳለው እንጂ መግለጫው ትክክል ስለመሆኑ አይነግሯችሁም።

ከዚያ ዓይነ ስውራንን ጥሩ፤ የተለያየ ልምድ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። እኔ ብልሃቱን ስለማውቅ የማልፈውን እንቅፋት ጀማሪው አያልፈውም። ሲሞክሩ አትምሯቸው፤ ዝም ብላችሁ እዩ። ለጊዜያቸውም ክፈሏቸው።