ቦርከና ወንዝ ዳር ቤት እንግዛ ወይስ ይቅርብን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምንኖረው ደሴ ነው፣ ባለቤቴ ግን ስራው ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ የሀረጎን ዳገት ሲወርድ ሲወጣ ደከመ። ጥር ላይ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቦርከና ዳር አንድ ቤት አየን፣ ግቢው ፓፓያ ዘይቱን ምኑ ቅጡ፣ ጥላው ብቻ ልብ ይወስዳል። እናቴም ብርዱ ጉልበቷን ስለጎዳት እንሂድ እንሂድ ትላለች። ትንሹ ልጄ 3 አመቱ ነው። ደላላው ሌላ ገዢ መጥቷል እያለ ያጣድፈናል፣ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እህቴ አብሽሪ፣ ለደላላው ብለሽ እንዳትቸኩዪ። እናትሽ ያለችው ልክ ነው፣ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ይስማማታል፣ መንገዱም 25 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ ለለቅሶም ለሰርግም ደርሶ መመለስ ይቻላል።

እኔን ያሳሰበኝ ቤቱን ጥር ላይ ማየታችሁ ነው። በጥር ቦርከና ልጅ የሚሻገረው ቀጭን ውሃ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን ከደሴ ተራሮች የወረደው ሁሉ ተጠራቅሞ ስለሚመጣ ኮምቦልቻ ላይ ጠብ ሳይል እንኳን ወንዙ ሊሞላ ይችላል። አክስቴ ወንዝ ዳር ነበር ቤቷ፣ አንድ ነሐሴ ሌሊት ደራሽ ገብቶ ፍራሹ ሲንሳፈፍ ነው የነቃችው፣ እስካሁን ዝናብ ሲያጉረመርም እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ ተመልሰሽ ሂጂና ዛፎቹን ቀና ብለሽ እይ፣ ቅርንጫፍ ላይ ፌስታልና ገለባ ተጠላልፎ ካየሽ ውሃው እዛ ድረስ ወጥቷል ማለት ነው። ግድግዳው ከታች በኩል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባም ጠርጥሪ። ከሁሉም በላይ ግን ጎረቤት ካሉ አዛውንቶች ጋር ቡና ጠጪና ውሃው እስከየት እንደደረሰ ጠይቂያቸው፣ እነሱ አይደብቁሽም።

ውሃው ራሱም ንፁህ እንዳይመስልሽ፣ ደሴን አቋርጦ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚወርደው፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ በፋብሪካዎቹ በኩል የሚያልፉ ጅረቶች ይገቡበታል። ቤቱ ከነሱ በላይ ነው በታች የሚለውን አረጋግጪ፣ ትንሹ ልጅሽ እዛ ውሃ ውስጥ መጫወት የለበትም። አካባቢው ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ወባም አለ፣ አጎበር የግድ ነው።

መሬቱ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል በበጋ ይሰነጠቃል፣ ፋውንዴሽኑ ጥልቅ ካልሆነ ቤቱን ይዞት ይንቀሳቀሳል። በርና መስኮት ጥግ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ ግንበኛ ሳታሳዪ ቀብድ አትክፈዪ። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ እይ፣ ቦታው በፕላኑ ላይ የወንዝ ዳር አረንጓዴ ተብሎ የተያዘ እንዳይሆንም እዛው ጠይቂ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስትየዋም ካልፈረመች ውሉ ጣጣ አለው።

የኔን ሀሳብ ካልሽ ዳሩ ላይ ያለውን ተዉት፣ ከወንዙ 10 ደቂቃ በእግር ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ፣ ዛፍ እንደሆነ ተክላችሁ ታሳድጋላችሁ። አሁን ከመግዛት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም እዛው ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራዩ። ባልሽ ከሀረጎ መንገድ ያርፋል፣ እናትሽም ጉልበቷን ትሞክረዋለች፣ ወንዙንም በነሐሴ በአይናችሁ ታዩታላችሁ።